ለዘንዶው ያለቀስን ቀን

ሲይዙኝ ቦርሳዬ ውስጥ ዘንዶ ነበር።

የፈተሸኝ ሰው ከትምህርት ቤቱ በር አጠገብ አቁሞኝ ዕቃዬን አንድ በአንድ ያወጣ ጀመር፤ ቾክ፣ ቀይ እስክሪብቶ፣ ያልታረመ የፈተና ወረቀት፣ በሶፍት የተጠቀለለ ግማሽ ዳቦ። መጨረሻ ላይ አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ መዘዘ። ሽፋኑ ላይ ትከሻዋ የተገለጠ ቀሚስ የለበሰች ወጣት አለች፤ ከኋላዋ ክንፉን የዘረጋ አረንጓዴ ዘንዶ ቆሟል። ሰውየው መጽሐፉን ዘቅዝቆ አራገፈው። ምንም አልወደቀለትም። ሽፋኑን አየ፣ እኔን አየ፣ ሽፋኑን ደግሞ አየ።

«አስተማሪ አይደለሽም እንዴ? ይሄን ነው የምታነቢው?»

እውነቴን ነው፣ ከመያዜ ይልቅ ያ ጥያቄ አሳፈረኝ። ዕድሜዬ ሠላሳን አልፏል፣ ደብረ ታቦር ላይ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ፣ ተማሪዎቼን ቁም ነገር አንብቡ እያልኩ እጨቀጭቃለሁ። ባሕር ዳር ከአሮጌ መጽሐፍ ሻጭ የገዛሁትን የዘንዶና የፍቅር ልብ ወለድ ግን በዕረፍት ሰዓት ተደብቄ ነበር የማነበው። ሰውየው «ተረት ነው» ብሎ መጽሐፉን መለሰልኝና ስልኬን ወሰደ። የታሰርኩት በመምህራን ስብሰባ ላይ በጠየቅኩት አንድ ጥያቄ ነው። መልሱን እስከ ዛሬ አላገኘሁም።

ያስገቡኝ ቤት የእህል መጋዘን የነበረ ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን አልወጣም፣ አይጦቹም አልወጡም። ግድግዳው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መስኮት የሚባለው ከጣራው ሥር ያለ በሽቦ የታጠረ ቀዳዳ ነበር። ወሩ ኅዳር ስለነበር ውርጩ ቆርቆሮውን አልፎ አጥንት ውስጥ ይገባል። ከሰዓት በኋላ ግን ፀሐይ በዚያ ቀዳዳ ገብታ ወለሉ ላይ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ታሞቃለች፤ ሴቶቹ እዚያ ቦታ ላይ በተራ ይቀመጡ ነበር። እኔ ስገባ ተራው የአንዲት የሐሙሲት ነጋዴ ነበር። ሽንኩርትና በርበሬ የምትነግድ፣ ድምፅዋ ገበያ ያሰለጠነው፣ ቀልድ የማያልቅባት ሴት ናት። ቦታውን ለቀቀችልኝና «ነይ እዚህ ሙቂ፣ አዲስ ሰው ይበርደዋል» አለችኝ። ቀጥላም ቦርሳዬን እያየች «የሚበላ ነገር ይዘሻል?» አለች። ግማሹን ዳቦ ሰጠኋት፤ ለሁሉም ቆራርሳ አደለችው።

ከአንበሳሜ የመጣች አንዲት የቄስ ሚስትም ነበረች፤ ቤታቸው ባደረ እንግዳ ምክንያት የተያዘች፣ ጠዋትና ማታ የምትጸልይ፣ በቀረው ሰዓት ከነጋዴዋ ጋር የምትከራከር። ሌሎች ይገቡ ይወጡ ነበር።

ከሁላችንም ታላቋ ከጉና ሥር የመጡ ሴት ነበሩ፤ እትዬ እንላቸዋለን። የተያዙት ታናሽ ወንድማቸው ተፈልጎ ስላልተገኘ ነው፤ እሱ እስኪመጣ እሳቸው ይቀመጡ ተባለ። በአገራቸው የታወቁ አልቃሽ ናቸው። ሰው ሲሞት በቅሎ ይላክላቸዋል፤ ደርሰው ሙሾ ያወርዳሉ፤ እሳቸው ያላለቀሱለት ሟች እንዳልተቀበረ ይቆጠራል። ይህን የነገረችኝ ነጋዴዋ ናት እንጂ እሳቸው ስለራሳቸው አያወሩም። የሚያወሩት ስለ ወንድማቸው ነበር። እናታቸው ቀድማ ስለሞተች በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ናቸው።

መጽሐፉን ለሴቶቹ ማንበብ የጀመርኩት ቀኑ አልመሽ ሲለን ነው። ከሰዓት ብርሃኑ ሲገባ እቀመጥና ገጹን ለራሴ አንብቤ በአማርኛ እነግራቸዋለሁ። ታሪኩ የዛሬ ሁለት መቶ ዓመት ገደማ እንግሊዝ አገር ነው። ሽማግሌው ንጉሥ አእምሯቸውን ታመው ልጃቸው እንደራሴ ሆኖ ይገዛል። የመኳንንቱ ቤት ሁሉ እንደ ፈረስ የሚጫን ዘንዶ አለው። ልጅቱ አባቷ ሲሞት ሀብቱ ሁሉ ጠፍቶ አንድ አሮጌ ዘንዶ ብቻ ቀርቷታል፤ አንድ ዓይኑ የማያይ፣ ብርድ ሲመታው የሚያስነጥሰው፣ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ያልተለያት። አንድ ኩሩ መስፍን ይወዳታል፤ ግን አይነግራትም። በዚህ መሀል እንደራሴውን ለመግደል በስውር የሚዶልቱ ሰዎች አሉ።

«ንጉሥ ተቀምጦ ሌላ ሰው ይገዛ ነበር?» አለች የቄሱ ሚስት። «ይሄማ የራሳችን የደብረ ታቦር ታሪክ ነው። ንጉሡ ጎንደር፣ የሚገዛው ራስ እዚህ።»

«እኔ የምለው» አለች ነጋዴዋ፣ «ይሄ መስፍን ሽማግሌ የማይልከው ለምንድን ነው? ዘመድ የለውም?»

«በነሱ አገር ራሱ ነው የሚጠይቀው» አልኳት።

«ራሱ? አፉን ሞልቶ? ኧረ ወዲያ! እንዲህ ያለውን ልጄን አልድርለትም።»

የቄሱን ሚስት ያስቸገራት ዘንዶው ነበር። ዘንዶ ያለበትን ሥዕል ሁሉ የምታውቀው ከቅዱስ ጊዮርጊስ ፈረስ እግር ሥር ነው፤ ስለዚህ በየቀኑ «ፈረሰኛው መቼ ነው የሚመጣው?» ትለኛለች። ፈረሰኛ እንደማይመጣ፣ ዘንዶውም ደግ እንደሆነ ስነግራት ተቆጣች። «ሰይጣንን አታመስግኚብኝ» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። ግን ጀርባዋን እንደሰጠችኝ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጠጋች መጣች፤ እኔም እንዳላየ ሆኜ ድምፄን ከፍ አደርግላት ነበር። ዋርድያችን ከበሩ ውጭ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። እሱ የሚያንቀላፋ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መርማሪው እትዬን አስጠራቸው።

መርዶ በኛ አገር በወግ ነው የሚነገረው። ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፤ ባለ መርዶው እንዳይወድቅ ከግራና ከቀኝ ይያዛል። ለእትዬ የነገራቸው መርማሪው ብቻውን ነው፣ ወረቀት እያገላበጠ። «ወንድምሽ ሞቷል፤ ከእንግዲህ አንቺም አትልፊ፣ እኛም አንለፋ» አላቸው። የት እንደሞተና ማን እንደቀበረው አልነገራቸውም። ይህን በኋላ ነው የሰማነው። ያን ጠዋት ተመልሰው ሲገቡ ከበሩ አላለፉም። «ወንድሜን» አሉ። ሊጮሁ አፋቸውን ሲከፍቱ ዋርድያው ከኋላቸው ተናገረ።

«ለቅሶ ክልክል ነው። አለቃ ነው ያለው። ለሱ ያለቀሰች የሱ ተባባሪ ናት። ድምፅ ከተሰማ የቤቱ ሁሉ ስንቅና ጥየቃ ይቀራል።»

መሬት መሬቱን እያየ ነው የተናገረው። እትዬ ዘወር ብለው ነጋዴዋን አዩ። ነጋዴዋ ጡት ያልጣለ ሕፃን አላት፤ እናቷ ከሐሙሲት ይዘውት እየመጡ በጥየቃ ቀን ግቢ ውስጥ ታጠባዋለች። ቤቱ ውስጥ ከስንቅ ቀን እስከ ስንቅ ቀን የምናወራው ስለዚያ ልጅ ነበር። እትዬ የከፈቱትን አፍ መልሰው ዘጉት።

«ምን በወጣሽ» አሏት። «በኔ ጩኸት ልጅሽን አታጪም።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ፊታቸውን ወደ ቆርቆሮው አዞሩ። እንጀራ ብንሰጣቸው በእጃቸው ይዘው ይቆዩና መልሰው ያስቀምጡታል። ውሃም በልመና ነው። ጉንጫቸው በዓይናችን እያየነው ገባ፤ እንባ ግን አንዲት ጠብታ አልወጣቸውም። አንድ ቀን ብቻ፣ ራሳቸውን እየደገፍኩ ውሃ ላጠጣቸው ስል፣ እንዲህ አሉኝ፦

«ስንቱን ባዳ በወግ በማዕረጉ ሸኘሁ። የናቴን ልጅ ግን እንደ ውሻ ዝም አልሁት። ምን ብዬ ልብላ?»

ፈራሁ። እንዲህ እንደሆኑ ሲሞቱብን ታየኝ፤ ያን ጊዜም እኮ ማልቀስ ክልክል ነው ሊሉን ነው። መጽሐፉን ትቼው ነበር፤ ነጋዴዋ ናት «እትዬ እንዲሰሙ ቀጥዪ፣ ዝምታው ይገድላቸዋል» ያለችኝ።

ያን ከሰዓት የደረስንበት ምዕራፍ የታላቁ ግብዣ ነው። የሴረኞቹን ስም የሚያውቅ አንድ ሰው ባሕር ማዶ ነበር፤ ልጅቱ እሱን እንዲያመጣ አሮጌውን ዘንዶ ልካዋለች። አሁን አዳራሹ በሻማ ተሞልቷል፣ ሙዚቃ አለ፣ ሴረኞቹም ከእንግዶቹ መሀል ቆመዋል። መስፍኑ ልጅቱን ለጭፈራ ይጋብዛትና እየጨፈሩ በጆሮዋ ይነግራታል። ሰውየው በሰላም ደርሷል። ዘንዶው ግን አቅሙ አልቆ ሰውየውን ባሕሩ ዳር ላይ ጥሎት እሱ ወደ ኋላ ውሃው ውስጥ ወድቋል። «እንዳታለቅሺ» ይላታል መስፍኑ፣ «እያዩሽ ነው። ካለቀስሽ ሰውየው እንደደረሰ ያውቃሉ፣ ያመልጣሉ።»

ቀጣዩን መስመር ቀስ ብዬ ተረጎምኩት። «ልጅቱ ፈገግ አለች። ሙዚቃው እስኪያልቅም ጨፈረች።»

ነጋዴዋ ከተቀመጠችበት ተነሣች። «አታለቅስም?»

«ካለቀሰች ይነቃባታል።»

«እና ፈገግ ብላ ትጨፍራለች? ያን ያህል ዘመን የተሸከማት እንስሳ ሞቶ?»

«ምን ታድርግ?»

ከግድግዳው በኩል «ማን አለቀሰለት?» የሚል ድምፅ ሰማን።

እትዬ ናቸው። ፊታቸውን ወደኛ አዙረዋል። ድምፃቸው ከመሻከሩ የተነሣ መጀመሪያ ማን እንደተናገረ አላወቅንም ነበር።

«እስካሁን ማንም አላለቀሰለትም» አልኳቸው።

«ዘመድ የለውም?»

«ያቺው ልጅ ብቻ ናት።»

ክንዳቸውን ተመርኩዘው ተነሥተው ተቀመጡ። «ቅረቢ እስቲ» አሉኝ። «እየጠየቅሁሽ ንገሪኝ።»

አልቃሽ ዝም ብሎ አያለቅስም። ለቅሶ ቤት ሲደርስ መጀመሪያ ከቅርብ ዘመድ አንዱን ወደ ጥግ ይጠራና ስለ ሟቹ ይጠይቃል፤ ሙሾው የሚወጣው ከዚያ ነው። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላውቅም ነበር። ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ፤ እሳቸውም እንደ ሥራቸው ጠየቁኝ።

«ቁመናው?»

«ከዚህ መጋዘን ይበልጣል።»

«መልኩስ?»

«አረንጓዴ ነው። ሲያረጅ ሽበት ቢጤ ገብቶበታል።»

«ምን ይወድ ነበር?»

«የተጠበሰ ዓሣ። ደግሞ ልጅቱ ስታነብለት መስማት።»

«ክፉ ሠርቶ ያውቃል?»

«አንድ ጊዜ የጎረቤት ጎተራ አቃጥሏል። አስነጥሶት ነው።»

«እሱ በለቅሶ አይነሣም» አሉ ቆፍጠን ብለው። «ሲወድቅ ማን አየው?»

«ማንም።»

«አስከሬኑስ?»

«አልተገኘም።»

«እንግዲያ ልብሱ ይውጣ» አሉ።

አስከሬን በሌለበት ለቅሶ የሟቹ ልብስና መሣሪያ ይወጣና በሱ ላይ ይለቀሳል። ዘንዶ ልብስ የለውም። ነጋዴዋ ጋቢዋን አራት አጥፋ ፀሐይዋ ላይ አነጠፈችው፤ መጽሐፉን ከእጄ ወስዳ ሽፋኑን ወደ ላይ አድርጋ አስቀመጠችው። ያ የሚያሳፍረኝ ሽፋን፣ ትከሻዋ የተገለጠችው ልጅና አረንጓዴው ዘንዶ፣ መሀላችን ሆነ። አንዳችንም አልሳቅንም።

እትዬ ነጠላቸውን አውልቀው ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቀዘቁት። ከዚያ ቆም አሉ። ነጋዴዋን አዩዋት።

«ልጅሽስ?»

ነጋዴዋ በሩን አየች። የጥየቃው ቀን የሚቀጥለው ቀን ነበር።

«ክልክል የተባለው ለወንድምዎ ነው» አለች። «ለዘንዶ የተከለከለ ነገር የለም።» ነጠላዋን አዘቀዘቀች። እኔም አዘቀዘቅኩ።

የቄሱ ሚስት ብቻ ንቅንቅ አላለችም። «እኔ ለዘንዶ አላለቅስም» አለች። ነጋዴዋ ልትቆጣት አፏን ስትከፍት ሴትየዋ ተነሥታ እትዬ ጆሮ ዘንድ ጎንበስ አለች። «የክርስትና ስሙን ይንገሩኝ» አለቻቸው። ነገሯት። ወደ ጥግ ሄዳ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዞረች፤ ስሙን እየጠራች መጸለይ ጀመረች።

እትዬ ድምፃቸውን አወጡ። መጀመሪያ ዝቅ ያለ ነበር፤ ከዚያ ያ የተሻከረ ጉሮሮ ተከፈተ።

ክንፉን ዘረጋግቶ ባሕር የሚሻገር፣
ማን አየው ሲወድቅ በማያውቀው አገር?

ተቀበልናቸው፤ ነጋዴዋ ደረቷን መታች። እትዬ ወደ መጽሐፉ ተጠጉ።

እሷስ ትጨፍራለች ከሰው ተሰልፋ፣
ማን ያልቅስልህ ዛሬ የቤትህ ሰው ጠፋ?

ከዚህ በኋላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሲቀጥሉ ሙሾው መንገዱን ለወጠ።

ገብሱ ደርሷል አሉ ጉና ላይ ከማሳው፣
አጫጁ ተኝቷል እንግዲህ ማን ያንሣው?

ዘንዶው ገብስ አጭዶ አያውቅም። ማንም አላረማቸውም።

ያዘልሁህ ጀርባዬ እንዴት ይቻለዋል፣
አፈር ሲያለብሱህ ማን አልቅሶልሃል?

እዚህ ላይ እንባቸው መጣ። እንዲያ ያለ እንባ አይቼ አላውቅም፤ እስከ አንገታቸው ወረደ፣ ነጠላቸውን አራሰው። ነጋዴዋ አቅፋቸው ትጮሃለች። እኔም ጮህኩ። ለማን እንዳለቀስኩ ብትጠይቁኝ ለወንድማቸው ነው፣ ለራሴም ነው፣ ትንሽም ለዘንዶው ነው። ቤቱ ውስጥ ያለን ሁሉ፣ ታሪኩን ያልሰሙት ትናንት የገቡት ሴቶች ሳይቀሩ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አለቀሱ።

በሩ በኃይል ተከፈተ።

«ምን ሆናችሁ ነው? ክልክል ነው አልተባላችሁም?» ዋርድያው ዱላውን ይዟል፤ ፊቱ ግን ከቁጣ ይልቅ የፈራ ሰው ፊት ነው። «ማን ሞቶ ነው?»

ነጋዴዋ የታጠፈውን ጋቢ በጣቷ አሳየችው። «ዘንዶ» አለች።

መጽሐፉን አየ። እኔ ሊመታን ነው ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ግን ገባ ብሎ ጎንበስ አለና ሽፋኑን በደንብ ተመለከተው።

«የትኛው?» አለ። «ያ አሮጌው?»

ያኔ ነው ከበሩ ውጭ አንቀላፍቶ እንዳልነበር ያወቅኩት።

«አዎ፣ አሮጌው» አልኩት።

«ሰውየውን አመጣው?»

«አምጥቶታል። ባሕሩ ዳር አድርሶት ነው የወደቀው።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ዱላውን በብብቱ ይዞ ኮፍያውን አወለቀ። ዓይኑ መጽሐፉ ላይ አልነበረም።

«ነፍስ ይማር» አለ እትዬን እያየ። «እግዜር ያጽናዎት።»

ከገባሁ ጀምሮ አንቺ ሲላቸው ነው የሰማሁት። እትዬ አንገታቸውን ዝቅ አድርገው ተቀበሉት። እሱ ኮፍያውን መልሶ አደረገና «ድምፃችሁን ትንሽ ዝቅ አድርጉት» ብሎ በሩን ዘጋ። በሩን ሲዘጋው እንደ ሌላ ጊዜ አላላተመውም።

ለቅሶው ሲበርድ ነጋዴዋ ስንቋን ፈታች። ከቀብር ሲመለሱ የሚቀመሰው ንፍሮ ነው፤ ንፍሮ አልነበረንም። ቆሎ ነበራት። መጀመሪያ ለእትዬ ዘረጋችላቸው። አንዲት ፍሬ አነሡ። አላመጡ። ደግመው ጭብጥ አድርገው ወሰዱ። ነጋዴዋ በመዳፏ አፏን ያዘች፤ በደስታ ሁለተኛ ልታለቅስ ነበር።

«ልጅቱስ?» አሉ እትዬ እያላመጡ። «ኋላ አላለቀሰችለትም?»

ገጹን ገልጬ ቀደም ቀደም እያልኩ አነበብኩ። «አልቅሳለታለች» አልኳቸው። «ሲነጋ ኮርቻውን አቅፋ።»

«እንዲያ ነው» አሉ። ያን ዕለት ማታ እንጀራ በሉ፣ ከእኔም ድርሻ ጨመርኩላቸው፣ እሱንም በሉት።

በማግስቱ አለቃው መጣ። ትናንት ጩኸት እንደነበር ሰምቷል። ከበሩ ውጭ ሲጠይቅ እያንዳንዱ ቃል ይሰማን ነበር፤ ነጋዴዋ እጄን ጥፍሯ እስኪገባ ጨብጣዋለች።

«ማን ነበር የሚያለቅሰው?»

«መጽሐፍ እያነበቡ ነው ጌታዬ» አለ ዋርድያው። «እንግሊዝኛ ነው። ዘንዶ ይሞትበታል።»

«ምን?»

«ዘንዶ ነው ጌታዬ። ተረት ነው።»

አለቃው «ሴቶች» ብሎ ሄደ። ያን ቀን ስንቁ ገባ። ሕፃኑም ገባ፤ ነጋዴዋ ስታጠባው ከእግር እስከ ራሱ ስትስመው በበሩ ክፍተት እየተገፋፋን አየናት።

ከዚያ ወዲያ ተራ በተራ ለቀቁን። ያለ ፍርድ እንዳሰሩን ሁሉ ለምን እንደፈቱንም አልነገሩንም። እኔ ስወጣ ዋርድያው እስከ ግቢው በር ሸኘኝ። ሰው እንደሌለ ዞር ብሎ አየና «መስፍኑ አገባት?» አለኝ።

«አገባት።»

«እሰይ» አለ፤ በሩን ከፈተልኝ።

አሁን ወደ ማስተማሩ ተመልሻለሁ። ያሰረን ሰው ስለ እኛ የሚያስታውሰው ነገር ያለ አይመስለኝም። እኔ ግን ያን ቤት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ብርዱ ወይም ፍርሃቱ አይደለም። ሴቶች ነጠላቸውን ሲያዘቀዝቁ ነው የሚታየኝ። ሰው በሐዘኑ ብቻውን እንዲቀር ተፈርዶበት ነበር፤ እኛም ያን ፍርድ አልተቀበልነውም። በዚህ እኮራለሁ፣ ለማንም ሳልደብቅ እናገረዋለሁ።

ዓመቱ ሲዞር እትዬ ላኩብኝ፤ የወንድማቸው ሙት ዓመት ነው። በሚኒባስ ሄጄ፣ የቀረውን በእግሬ ወደ ጉና ወጣሁ። ቤቱ በሰው ተጨናንቋል። ቄሶቹ ጸሎት ጨርሰው ጠላ ሲቀዳ ከበሩ አጠገብ ቦታ አገኘሁ። ፊት ለፊቴ የሟቹ አጎት ናቸው የተባሉ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጠላቸውን ሳይቀምሱ ዋንጫውን ይዘው አንገታቸውን ይነቀንቃሉ።

«ዛሬ ምን ዋጋ አለው» አሉ። «ያኔ ለቅሶ መቀመጥ አልቻልን። ያለ ለቅሶ የቀረ ልጅ ነው።»

ሁሉም የሚያስቡትን ነበር የተናገሩት። እትዬ ከጓዳ በር ላይ ሆነው ሰሟቸው።

«አልቀረም» አሉ። በእጃቸው እኔን አመለከቱ። «ይቺ ለቅሶው ላይ ነበረች።»

የቤቱ ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሽማግሌው ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡ።

«ነበርሽ ልጄ?»

«ነበርኩ አባቴ።»

«ሰውስ ነበረው?»

«ቤቱ ሙሉ ነበር» አልኳቸው።